አርባ ሁለት ሐረግ በልባቸው ይዘው የኖሩት ወይዘሮ እንቁ ስመኘው

የተከበራችሁ አባቶች ካህናት፣ የዕድር ዳኞች፣ ከቡሬ፣ ከፍኖተ ሰላምና ከገጠሩ ቀበሌ ሁሉ እግራችሁን አንስታችሁ የመጣችሁ ለቀስተኞች፤ አሁን የሚነበበው የወይዘሮ እንቁ ስመኘው የሕይወት ታሪክ ነው። የጻፈውም የሚያነበውም የበኩር ልጃቸው መምህር አሸናፊ ዘሩ ሲሆን፣ በእንዲህ ያለ ጽሑፍ «እኔ» ማለት ወግ ስላልሆነ ስለ ራሱም እንደ ሌላ ሰው አድርጎ ይናገራል፤ እውነቱን ለመናገር ይህ ወግ ዛሬ ፊቱን ለመሸፈን ሳይጠቅመው አልቀረም። ወይዘሮ እንቁ ላለፉት አምስት ዓመታት «ጃጅተው ሰው አሳሳቱ» ሲባሉ የኖሩ መሆናቸውን እዚህ የተቀመጠው ሁሉ ያውቃል። ይህ ስም ተጭኗቸው አፈር እንዳይለብሱ፣ ነገሩ ከመጀመሪያው ይነገራል።

ወይዘሮ እንቁ በ1938 ዓ.ም. ከቡሬ ከተማ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ በሚርቀው በዚሁ ደብር ከአባታቸው ከመሪጌታ ስመኘው ቢያድግና ከእናታቸው ከወይዘሮ አደይ ጀምበሬ ተወለዱ። እሳቸው በሕይወት ቢኖሩ በዚህ ብቻ እንድናልፍ ስለማይፈቅዱ፣ በአባታቸው በኩል ስመኘው፣ ቢያድግ፣ አለነ፣ ጓንጉል፣ እንግዳ፣ ወልደ ሩፋኤል፣ ዘወልድ ብለን ሰባት ቤት እንቆጥራለን። በእናታቸው በኩል ግን ከአዊ ወገን አደይ፣ ጀምበሬ፣ አየነው ብለን ሦስተኛው ላይ እንቆማለን። ከዚያ ወዲያ ያለውን አንባቢው አያውቀውም፤ ለምን እንደማያውቀው ወደ በኋላ ይነገራል።

በዚያ ዘመን ሴት ልጅ ከየኔታ ፊት ተቀምጣ ቀለም መቁጠር ያልተለመደ በመሆኑ፣ ወይዘሮ እንቁ ከአባታቸው ደጅ ጥጥ እየፈተሉ ተማሪዎቹ ደጋግመው የሚሉትን በጆሯቸው እየለቀሙ አደጉ። መሪጌታ ስመኘው ከማስተማራቸው ሌላ የአገሩን ዘር የሚቆጥሩ ሰው ስለነበሩ፣ ልጅ ለመዳር የሚያስብ ሁሉ ተጋቢዎቹ እስከ ሰባት ቤት አለመዛመዳቸውን ሳያስቆጥር ሽማግሌ አይልክም ነበር። አንድ ቀን እንግዶች ተቀምጠው ሳለ መሪጌታ የአንዲት ቅድመ አያት ስም ቢጠፋባቸው፣ የአሥራ አንድ ዓመቷ ልጅ እንዝርቷን ሳታስቀምጥ ስሙን ከነአባቱ ጠራችው። አባትየው አልተቆጡም፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ እንዲያውም እንግዳ ሲመጣ ፈትሏን ይዛ ገብታ ከጎናቸው እንድትቀመጥ ማዘዝ ጀመሩ።

መሪጌታ ሲያርፉ የአገሩ አርባ ሁለት የዘር ሐረግ በወይዘሮ እንቁ ልብ ውስጥ ቀረ። በ1955 ዓ.ም. ከአቶ ዘሩ ጋር ሲጋቡም የራሳቸውን ዝምድና ራሳቸው ቆጥረው «አይነካካም» ብለው የፈቀዱ እሳቸው ናቸው ሲባል፣ አቶ ዘሩ እስከ ዕለተ ሞታቸው «ፈተና አልፌ ነው ያገባኋት» እያሉ ይስቁ ነበር። በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ ፊደል ለይተው የምስክር ወረቀት ቢቀበሉም፣ ሐረጉን በደብተር ያስፍሩት ሲባሉ አሻፈረኝ አሉ። «የጻፍሁት ዕለት ልቤ ሥራ ይፈታል» ይሉ ነበር።

ልባቸው ሥራ እንዳይፈታ የሚያደርጉበት ሥርዓት ነበራቸው። ጎሕ ሲቀድ፣ ውኃ እንኳ ሳይቀምሱ፣ ከደጅ ወጥተው በቀን አንድ ሐረግ ድምፅ አውጥተው እየቆጠሩ ይዞራሉ፤ መጀመሪያ ከላይ ከአባት ወደ ታች ይወርዳሉ፣ ቀጥለው ከታች ከሕፃኑ ወደ ላይ ይወጣሉ፣ በሦስተኛው በሴቶቹ በኩል ብቻ ይሄዱበታል፤ «ወንዶቹ ሲቆጥሩ ሴቷን ይጥሏታል» የሚል ቅሬታ ነበራቸውና። በአርባ ሁለት ቀን አንድ ዙር ሞልቶ ሲያልቅ እንደገና ይጀመራል። አንድ ስም የጠፋባቸው እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ከጎናቸው ቢኖር እንኳ «አትንገሩኝ፤ ራሱ ልቤ ያምጣው» ብለው ቀኑን ሙሉ ሲፈልጉት ይውሉና፣ አመሻሽ ላይ ላም እያለቡ ስሙ ሲመጣላቸው ብቻቸውን ይስቁ ነበር። በዚህ ሁኔታ ሃምሳ ዓመት ሲኖሩ፣ በእሳቸው ቃል ተፈቅዶ የፈረሰ፣ በእሳቸው ቃል ተከልክሎ በኋላ «ለካ አይዛመዱም» የተባለ አንድም ጋብቻ አልነበረም።

አቶ ዘሩ በ2008 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ አሸናፊ እናቱን ወደ ፍኖተ ሰላም ወስዶ ከቤተሰቡ ጋር አኖራቸው። አሸናፊ የሥነ ሕይወት መምህር ነው። አእምሮ ካልሠራ እንደሚደክም፣ በልምምድ ግን እስከ እርጅና ንቁ ሆኖ እንደሚቆይ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሥዕል ሥሎ ለስንት ተማሪ ያስተማረ ሰው ነው። ከቤቱ ጓሮ በየማለዳው የሚሰማው የእናቱ ድምፅ ግን ያው ልምምድ መሆኑ አልታየውም። የታየው ጎረቤት ነው። አንድ የሥራ ባልደረባው ድምፁን ሰምቶ «እናትህ ጤና ናቸው?» ብሎ ሲጠይቀው አሸናፊ አፈረ፤ ባፈረበት ማታም «እማዬ፣ ብቻሽን ስታወሪ ሰው ይታዘበናል፤ በልብሽ አድርጊው» አላቸው። ወይዘሮ እንቁ «በአፌ ካልወጣ በልቤ አይከርምም ልጄ» ብለው አንድ ጊዜ መለሱ፤ እሱ ፊቱን ሲያጠቁርባቸው ግን «እሺ» አሉና ከማግስቱ ጀምሮ ዝም አሉ።

እንዳይከፋቸው ብሎ የአእምሮ ማነቃቂያ የሚባል፣ ተመሳሳይ ሥዕል እየፈለጉ የሚያጣምሩበት ጨዋታ ስልክ ላይ ጭኖ ሰጣቸው። ወይዘሮ እንቁ ሁለቱን ብርቱካን ካገናኙ በኋላ «እነዚህስ በስንት ቤት ይዛመዳሉ?» ብለው ጠየቁትና ስልኩን መልሰው በእጁ አስቀመጡለት። አሸናፊ ይህን በመምህራን ማረፊያ ክፍል እንደ ቀልድ ያወራው ነበር።

ኅዳር 2012 ዓ.ም. ሁለት ሽማግሌዎች ከቡሬ መጡ። አቶ ገብረሰንበት በአቶ ባዬ ልጅ በስዩም ወገን፣ ሁለተኛው ደግሞ በአቶ ወንዳወቅ ልጅ በአይናለም ወገን ሆነው፣ ልጆቹ ተፈቃቅደዋልና ይቁጠሩልን አሉ። ወይዘሮ እንቁ የልጅቱን የአባቷን እናት ወገን ሦስት ዓመት ስላልዞሩበት እርግጠኛ አለመሆናቸውን ገልጸው፣ «ሦስት ቀን ስጡኝ፤ ይመጣልኛል» አሉ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ይህ መተያየት አሸናፊን እንደ እሳት ፈጀው፤ አገሩ «መዝገብ» ብሎ የሰየማቸው እናቱ በገዛ ሳሎኑ ሲጎድሉ የታየበት መሰለው፤ ሳያስበውም «እማዬ ደክሟት ነው እንጂ ትናንት ቆጥራ ጨርሳ ነግራኛለች፤ አይዛመዱም» አለ። ፍጹም ውሸት ነበር። ወይዘሮ እንቁ ቀና ብለው አዩት። አፋቸውን ቢከፍቱ ልጃቸው በእንግዳ ፊት ዋሾ ሊባል ነው፤ ስለዚህ ነጠላቸውን አስተካክለው ዝም አሉ፤ ሽማግሌዎቹም ዝምታውን እሺታ አድርገው መርቀው ሄዱ። በሩ ሲዘጋ የተናገሩት አንድ ቃል ብቻ ነው፦ «ልጄ፣ ዛሬ በእኔ አፍ ተናገርህ።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ድምፃቸውን አውጥተው መቁጠር ዳግመኛ ያዙ። ከጓሮው ይልቅ የሰው ዓይን የማይበዛበት ስለሆነ በየማለዳው ቤተ ክርስቲያን ግቢ ካሉት ጽዶች ሥር ሄደው፣ ሦስት ዓመት የታጎለውን ሐረግ ስም በስም ሲለቅሙ ታኅሣሥን ጨረሱ። አንድ ቀን አሸናፊን ጠርተው፣ አንድ ስም እንዳስጨነቃቸውና ቡሬ አጠገብ ያሉትን፣ የዚያን ወገን ዘር የሚያውቁትን አሮጊት ወይዘሮ ማሚቱን ካገኙ እንደሚያረጋግጡት ነግረው እንዲወስዳቸው ለመኑት። እሱም «ከፈተና በኋላ» አላቸው። ፈተናው አለቀ፤ አራሚው አሸናፊ ግን አልተነሣም። ልቡ መልሱን ፈርቶ ነበር ብሎ ዛሬ በእናንተ ፊት ቢናገር ያሳፍረዋል እንጂ ሐሰት አይሆንበትም።

ሠርጉ እሑድ ጥር 17 ሊሆን ሐሙስ ዕለት ወይዘሮ እንቁ ለማንም ሳይነግሩ ብቻቸውን በሚኒባስ ቡሬ ወረዱ። ከወይዘሮ ማሚቱ ጋር ተቀምጠው ሲቆጥሩ፣ የስዩም የአያቱ እናትና የአይናለም የአያቷ አባት የአንድ እናትና የአንድ አባት ልጆች ሆነው ተገኙ። ሙሽሮቹ በአራት ቤት ዘመዳሞች ነበሩ። ከዚያው ተነሥተው ወደ አቶ ወንዳወቅ ቤት ሄዱ፤ ዳሱ ተጥሏል፣ ጠላው ተጠምቋል፣ ዘመድ ተሰብስቧል። በዳሱ መካከል ቆመው ዝምድናውን ስም በስም ከዘረዘሩ በኋላ፣ እንዴት ያኔ ፈቀዱ ተብለው ሲጮህባቸው፣ «የሳትሁት እኔ ነኝ፤ ጃጅቻለሁ፤ ልጆቹን አታስቀይሟቸው» አሉ። የልጃቸውን ስም አላነሡም። ሠርጉም በዚያው ፈረሰ።

አይናለም ከዳሱ ጀርባ ስታለቅስ ሰምተዋት ነበርና ያን ለቅሶ እስከ መጨረሻው ያነሡት ነበር። ልጅቱ ዛሬ ዱርቤቴ ትዳር ይዛ የሁለት ልጆች እናት ሆናለች፤ ስዩምም ጎጆ ወጥቷል። የወደቀው የወይዘሮ እንቁ ስም ግን አልተነሣም። ገበያ ላይ «የጃጀች መዝገብ» ተባሉ፤ የሚያስቆጥር ሰው ከደጃቸው ቀረ፤ ልጁን የሚድር ሁሉ ወደ ሌላ ሄደ። ባልደረቦቹ «ዕድሜ ነው፣ ምን ይደረጋል» ብለው ሲያጽናኑት አሸናፊ ራሱን እየነቀነቀ «አዎ፣ ዕድሜ ነው» ይል ነበር። አምስት ዓመት ሙሉ እንዲህ አለ።

ወይዘሮ እንቁ ከተማውን ትተው ወደዚህ ደብር፣ ወደ ቀድሞ ቤታቸው ተመለሱና ማንም ባይጠይቃቸውም በየጎሑ አንድ ሐረግ መዞራቸውን ቀጠሉ። አሸናፊ በየቅዳሜው እየመጣ ከእግራቸው ሥር ተቀምጦ መማር የጀመረው ያኔ ነው። በስልክ ልቅዳው ቢላቸው «ስልኩስ ይወቀው፤ አንተስ?» አሉት። ስም ሲጠፋበት አይነግሩትም፤ እስኪያመጣው ፈትላቸውን እየፈተሉ ይጠብቁታል፤ አንዳንዱን ስም ለማግኘት ቅዳሜው አልበቃ ብሎት ሳምንቱን ሙሉ በክፍል ውስጥ ሲያስተምር ሲፈልገው የከረመበት ጊዜ አለ። ጥፋቱን ግን አንድም ቅዳሜ አላነሣላቸውም፤ እሳቸውም አላነሡበትም። የራሳቸውን የእናታቸውን ወገን «የሰውን አስቀድም፤ የእኔ ለመጨረሻ ይቆይ» ብለው አቆዩት።

ባለፈው ጥር የኩላሊት ሕመም ጸንቶባቸው ባሕር ዳር ሐኪም ቤት ሲተኙ፣ ወጣቱ ሐኪም ማስታወሳቸውን ለመፈተን ሦስት ቃል ሰጥቶ ጥቂት ቆይቶ ቢጠይቃቸው ሦስቱንም መለሱለት፤ ከዚያ አንተስ የማን ልጅ ነህ ብለው ጠይቀው የአባቱን አገር ሲሰሙ የገዛ ሐረጉን እስከ አምስት ቤት ቆጠሩለት። ሐኪሙ ወደ አሸናፊ ዞሮ «እናትህ ከእኔ ይሻላሉ» አለው። አሸናፊ ቀና ብሎ ሊያየው አልቻለም። ወይዘሮ እንቁ ወደ ቤታቸው ተመልሰው በተወለዱ በሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው፣ መጋቢት 12 ቀን 2017 ዓ.ም. በማለዳ፣ ሐረጋቸውን ከላይ ወደ ታች ዞረው ጨርሰው ከታች ወደ ላይ ሲጀምሩ ድምፃቸው ተቋረጠ።

አቶ ባዬ፣ አቶ ወንዳወቅ፣ አቶ ገብረሰንበት፣ ሦስታችሁም ከፊት ተቀምጣችኋልና አሸናፊ እናቱ በዳሳችሁ መካከል የተናገሩትን ቃል ከእሳቸው ተቀብሎ ለራሱ ይወስደዋል፦ «የሳትሁት እኔ ነኝ።» እናቱ አልጃጁም፤ ሦስት ቀን ለምነው የከለከላቸው እሱ ነው። ይህን በሕይወት እያሉ፣ ጆሯቸው እየሰማ ሊናገረው ይገባ ነበር፤ እንዳይጠሉት ፈርቶ ሳይሆን እንዳያፍር ሲል ብቻ አቆየው።

ወይዘሮ እንቁ ሦስት ልጆች፣ አሸናፊን፣ ንጋትንና ደሴን፣ እንዲሁም ሰባት የልጅ ልጆችን ትተው አልፈዋል። ከአርባ ሁለቱ ሐረግም ሠላሳ አንዱ ቀርቷል። የእናታቸው ወገን ያለበት አሥራ አንዱ ግን፣ አሸናፊ ዘግይቶ በመምጣቱ፣ አብሯቸው ሄዷል። ከእናንተ መካከል ከእነዚያ አንድ ስም እንኳ የሚያውቅ ቢኖር ቅዳሜ ቅዳሜ ማለዳ አሸናፊን እዚሁ በእናቱ ደጅ ያገኘዋል፤ ድምፁን አውጥቶ ሲቆጥር ይሰማዋልና አያጣውም።

የፈጠረውን ሁሉ በስሙ የሚያውቅ፣ ትውልድን ቆጥሮ አንዲት ሴት እንኳ የማይጥል አምላክ፣ የእንቁን ስም ከወዳጆቹ ስም ጋር ያንብበው፤ ነፍሳቸውንም ከደከሙበት ያሳርፍልን፤ ልጃቸውንም ይቅር ይበለው። አሜን።