በኮት ኪስ የሄደ ወተት

ነርሷ ወደ ልብስ ሰፊው ሱቅ ጎራ ያለችው ጋዋኗን ለማሳጠር ብቻ ነበር። ሱቁ ከሆስፒታሉ ሁለት ፌርማታ ይርቃል። ባለቤቱን ሰፈርተኛው «ባለሜትሩ» ይላቸዋል፤ ሜትራቸው ከአንገታቸው ወርዶ አያውቅምና። እጅጌ አንድ ጣት ከረዘመ እንቅልፍ የሚያጡ ሰው ናቸው።

«የት ጋ ልቁረጠው ልጄ?» ብለው ቀና ሲሉ የነርሷ ዓይን ሌላ ቦታ ነበር። ከስፌት መኪናው አጠገብ አራት ትንንሽ ጠርሙሶች ታጥበው ተደፍተዋል። በእያንዳንዳቸው ላይ የሆስፒታሉ ወረቀት ተለጥፏል፤ የካርድ ቁጥር፣ የዛሬ ቀን፣ ወተቱ የታለበበት ሰዓት።

«አባባ፣ ይሄ የካርድ ቁጥር የኛ ክፍል ነው። ያለጊዜዋ የተወለደችው ልጅ አያት እርስዎ ነዎት?»

ባለሜትሩ እስከ ጆሯቸው ቀሉ። ለደንበኞቻቸው «ልጄ ገና አልወለደችም» ብለው ነበር። ሰባት ወር ሳይሞላት የመጣችውን፣ ከክንዳቸው የማትበልጠውን የልጅ ልጅ ለሰው መናገር አፍረው።

«ነኝ» አሉ ቀስ ብለው።

«ለኛ በቀን የሚደርሰን ሁለት ጠርሙስ ነው። እናቷን በስልክ ‹ወተትሽ አንሷል፣ ቶሎ ቶሎ እለቢ› እያልን ስናስጨንቃት ሦስት ሳምንት ሆነን። እነዚህ አራቱስ?»

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጃቸው የኦፕራሲዮኗ ቁስል አልደርቅ ብሏት አልጋ ላይ ናት፤ ባሏ የረጅም መንገድ ሹፌር ነው። ወተቱን የማድረስ ሥራ በአባትየው ላይ ወደቀ፤ በሆስፒታሉ መቀበያ መስኮት አስረክበው ስለሚመለሱ ነርሶቹ አያውቋቸውም። ሆስፒታሉ የበረዶ ሳጥን ሰጥቷቸው ነበር። ነገር ግን ወደ ፌርማታው ሲወጣ የፀጉር አስተካካዩ ደጅ አለ፤ ደጁም ወሬኛ አያጣም። አንድ ሽበታም ሰው የልጁን የጡት ወተት ተሸክሞ በዚያ ያልፋል? ስለዚህ ሳጥኑ የክር ማስቀመጫ ሆነ። ኮታቸው ሁለት ኪስ አለው፤ በየኪሱ አንድ አንድ ጠርሙስ። የቀሩት አራቱ በየቀኑ ከሱቁ ጀርባ ባለው ቦይ ፈሰሱ።

ይህን እንዲህ በቀላሉ የተናዘዙ እንዳይመስላችሁ። ሰው ሲያፍር መጀመሪያ የሚያነሳው ክርክር ነው።

«ለትንሽ ሰው ትንሽ ይበቃዋል ብዬ እኮ ነው» አሉ። «ሆዷ አውራ ጣቴን ቢያክል ነው። እኔ ለሕፃን የአዋቂ ኮት ሰፍቼ አላውቅም።»

«በአንድ ጊዜ ብዙ አንሰጣትም አባባ። በየሦስት ሰዓቱ ጥቂት ጥቂት፣ በቀጭን ቱቦ ነው። መጥባት፣ መዋጥና መተንፈስ ገና አንድ ላይ አይሆንላትም። ከክብደቷ አንጻር ግን በጊዜው ከተወለደ ልጅ የበለጠ ያስፈልጋታል። ልጅ ስቡን፣ ብረቱን፣ የአጥንቱን ጥንካሬ የሚሰንቀው በመጨረሻዎቹ የእርግዝና ወራት ነው። እሷ ስንቋን ሳትይዝ ወጣች።»

«በራሷ ጊዜ ታድግ የለ? ምን አስቸኮላችሁ?»

«አንጎሏ አይጠብቅማ፤ የሚያድገው አሁን ነው። በየሳምንቱ የጭንቅላቷን ዙሪያ በሜትር እንለካለን። ሦስት ሳምንት ሙሉ ንቅንቅ አላለም ማለት ይቻላል።»

ባለሜትሩ ይህን ሲሰሙ ከአንገታቸው የተንጠለጠለውን ሜትር ያዙ። ሌላው ነገር ቢያከራክራቸውም ሜትር እንደማይዋሽ ያውቃሉ።

«የዱቄት ወተትስ የላችሁም?» አሉ በመጨረሻ።

«የጎደለውን የምንሞላው በሱ ነው። ግን ሆዷ ሁለት ጊዜ ተነፍቶ ምግብ አቁመንባታል። የእናት ወተት አንጀቷን ከክፉ ሕመም ይጠብቅላታል፤ ሌላው የሱን ያህል አይችልም። ለአጥንቷና ለክብደቷ የሚሆነውን ማጠናከሪያም በልኩ የምንጨምረው በእናቷ ወተት ላይ ነው። እነዚያም ሁለቱ ጠርሙሶች ሞቀው እየመጡ ስንት ቀን ደፋናቸው።»

«አሁን ስንት ትመዝናለች?»

«ስትወለድ አንድ ኪሎ ከመቶ ግራም ነበረች። ዛሬ አንድ ኪሎ ከመቶ ሃያ።»

በሦስት ሳምንት ሃያ ግራም፤ የጥቂት የኮት ቁልፍ ክብደት። ባለሜትሩ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡና ስለ ኪሱም ስለ ቦዩም ነገሯት። ነርሷ አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻላቸው ነበር።

«ለእናቷ ይንገሯት» አለች ብቻ። «ጥፋቱ የራሷ መስሏታል። ዛሬውኑ ይንገሯት።»

ሱቁን ዘግተው ሄዱ። ልጃቸው ትራስ ተደግፋ እያለበች አገኟት። ቆመው ነገሯት፤ መቀመጥ አልቻሉም። ማለቧን አቆመች።

«አባዬ» አለች በኋላ፣ «ሌሊት በየሦስት ሰዓቱ እየተነሳሁ፣ አልወጣ ሲለኝ ጡቴን እረግመው ነበር።»

ጠርሙሱን ከድና ዘረጋችላቸው። «ይሄን በሳጥኑ» አለች።

በማግስቱ ስድስቱን ጠርሙስ በበረዶ ሳጥን ይዘው በፀጉር አስተካካዩ ደጅ አለፉ።

«ምን ተሸከምክ ባለሜትሩ፣ ዓሣ ነው እንዴ?»

«የልጄ የጡት ወተት ነው። የልጅ ልጄ ከተወለደች ሦስት ሳምንቷ ነው። ትንሽ ሆነችብኝና አፍሬ ደብቄያችሁ ነው።»

ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን አወረደ። «ታዲያ ምን ያቆምሃል? ሳይሞቅ ሂድ እንጂ።» ሦስት ሳምንት የፈሩት ፌዝ ይኸው ነበር።

ከወር በኋላ ሕፃኗ አንድ ኪሎ ከስምንት መቶ ግራም ገባች። ሆዷ ዳግም አልተነፋም፤ እናቷ ድና መምጣት ከጀመረች ወዲህም ቱቦው ገና ሳይወጣ ጡት መላስ ጀምራለች። የጭንቅላቷ ልክም በየሳምንቱ ከፍ አለ። ነርሷ ይህን ሁሉ ወረቀት ላይ በተሰመረው የዕድገት መስመር እያሳየች ስታስረዳቸው ባለሜትሩ መስመሩን በጣታቸው ተከተሉት፤ ጠፍጣፋዎቹ ሦስት ሳምንታት ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ።

በዚያ ቀን እናትየዋ ልጇን በደረቷ ላይ፣ ከገላዋ ጋር አስተኝታ ነበር። ባለሜትሩ ከነርሷ ተለይተው፣ ሳጥናቸውን ይዘው የክፍሉ በር ላይ ሲደርሱ ለሕፃኗ የምታወራውን ሰሙ።

«አያትሽ መጣ» ትላታለች። «ወተትሽን በየቀኑ የሚያመጣልሽ እሱ ነው።»

ስለ ኪሱም ስለ ቦዩም አላነሳችም። ባለሜትሩ ሳጥኑን አስቀመጡና ቀና ብለው ሊያዩዋት አልቻሉም።