የኖፓ መስመር

መቱ ጤና ቢሮ ታይፒስት ሳለሁ ነው። በየከተማው በወባ የታመመውን ሰው ብዛት በታይፕ መስመር ሠርቼ አሳየሁ፤ ለአሥር በሽተኛ አንድ «ወ» እየደረደርኩ። መድኃኒት የሚታደለው ያ ታይቶ ነው። ኖፓ የምትባለው ከተማ መስመር ረዝሞ ወረቀቱ ስላልበቃው ሌላ ቁራጭ ቀጠልኩበት። አለቃዬ ጋሼ ተሰማ ግን «አያምርም» ብለው የቀጠልኩትን በመቀስ ቆረጡት።

«ጋሼ፣ ይኼ እኮ ሰው ነው» ብላቸው፣ «ፊደል ነው» አሉኝ። ወረቀቱ እንደተቆረጠ ተላከ።

ኖፓ የደረሰው መድኃኒት ወዲያው አለቀ። አንድ የኖፓ አባወራ ሚስታቸውን በቃሬዛ አሸክመው መቱ ድረስ መጡ። ይዣቸው ጋሼ ተሰማ ቢሮ ገባሁ። «ትንሽ ይታገሡ ብለሽ በኦሮምኛ ንገሪያቸው» አሉኝ። እኔ ግን የነገርኳቸው የመቀሱን ነገር ነው።