ስለ መሕሙድና ስለ ቢጫዋ መብራት

ክቡራትና ክቡራን፣ ሥራ አስኪያጃችን ወይዘሮ ጽናት፣ የጋራዥም የፈትል ክፍልም ልጆች፤ ማሽኑን አቁማችሁ፣ ድንኳን ጥላችሁ፣ ለአንድ ሽማግሌ መካኒክ ብላችሁ ስለተሰበሰባችሁ ፈጣሪ ያክብርልኝ። ጋቢም አልብሳችሁኛል። በዚህ በኮምቦልቻ ሙቀት ጋቢ ማልበስ ሽልማት ነው ወይስ ቅጣት?

ሳቁ፣ ሳቁ። ከዚህ በኋላ ያለው እምብዛም አያስቅም።

ይህ ስንብት የሁለት ሰው ነበር። መሕሙድና እኔ በአንድ ዓመት ተቀጠርን፣ በአንድ ዓመት ጡረታ ልንወጣ ነበር። እሱ የሠራተኛ ሰርቪስ ሾፌር፣ እኔ የሰርቪሱ መካኒክ። «ብሩ፣ የዚያን ዕለት ንግግሩን ለእኔ ተውልኝ፤ አንተ ስትናገር ሰው ይተኛል» ይለኝ ነበር። እውነቱን ነው። እንግዲህ ቻሉኝ።

አዲሶቹ ሚኒባሶች የመጡ ቀን አብረን ገብተን ፊት ለፊት ተቀመጥን። ቁልፉን ሲያዞር መሪው ፊት ያሉት መብራቶች ሁሉ ቦግ አሉ። ከመካከላቸው አንዷ ቢጫ ናት፤ ትንሽ መኪና ሆና ከኋላዋ ጠማማ መስመር ትጎትታለች። መሕሙድ አያትና፣ «ብሩ፣ ይቺ ጠላ ቀምሳለች፤ ያንተ ወገን ናት» አለኝ።

«የለም፣ ካንተ ጋር ጫት ቅማ ነው፤ መርቅናለች» አልኩት።

ከሳቃችን በኋላ ግን የምሬን አስረዳሁት። ዛሬ ለእናንተም ልድገመው፤ ለምን እንደምደግመው ኋላ ይገባችኋል። ቁልፍ ሲዞር በርታ ከጠፋች ደህና ናት፣ ራሷን መፈተሿ ነው። በጉዞ ላይ በርታ ከቀረች ግን ወይ ተበላሽታለች፣ ወይ ሰው አጥፍቷታል፤ መኪናው ሲንሸራተት የሚይዝላችሁ የለም ማለት ነው። ቀስ በሉ፣ ወደ ጋራዥ አምጧት። ብልጭ ድርግም ካለች ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። ጎማው እየከዳ ነው፣ መኪናዋም አንዱን ጎማ ለብቻው ፍሬን እየያዘች መስመር ልታስገባችሁ እየታገለች ነው። ሥራ ላይ ናት። ነዳጁን ልቀቁላት፣ መሪውን አታስደንግጡት።

መሕሙድ ሰምቶ፣ «ስትበራ ታማለች፣ ስትጠቅስ ታግዛለች» አለ። እኔ ያን ያህል የለፈለፍኩትን እሱ በአንድ ትንፋሽ ጨረሰው።

ባለፈው ክረምት፣ ከሰዓት በኋላ፣ የከሰዓት ፈረቃ ገቢዎችን ከደሴ ጭኖ ወደዚህ ይወርድ ነበር። የሐረጎን ቁልቁለት ታውቁታላችሁ። ዝናቡ ከተራራው ጭቃ አውርዶ መንገዱን አልብሶታል። ኩርባውን ሲዞር አንድ ከባድ መኪና ጭቃው ይዞት ቆሟል። በቀኝ ገደል ነው፣ በግራ የተራራው ግንብ። መሕሙድ ወደ ግራ አዞረ። ሚኒባሷ ተንሸራተተች፣ የቆመውን መኪና አለፈችው፣ ሄዳም ከግንቡ ጋር ተላተመች። የተላተመው በእሱ በኩል ነው።

ሆስፒታል ሳይደርስ አለፈ። የቀሩት ሁሉ ተረፉ። ዛሬ እዚህ የተቀመጣችሁ አላችሁ፤ ዓይኔ አይቷችኋል።

ከፊት ከጎኑ የነበረችው የፈትል ክፍሏ ከድጃ ናት። ክንዷ ተሰብሮ፣ ሊረዷት ለመጡት ሰዎች፣ «ቢጫ መብራት በርቶ ነበር» አለቻቸው። ይህን ብቻ ነው ያለችው። ወሬው ግን ደሴ ሲደርስ፣ «መብራት በርቶበት እያየ ነዳ» ሆነ። ሆጤ ሰፈር ለቅሶው ቤት ሲገባ ደግሞ፣ «ሰው ሊጨርስ ነበር፣ አላህ አወጣቸው» ሆነ። ባለቤቱ ረሂማ በገዛ ቤቷ፣ በባሏ ለቅሶ ላይ ተቀምጣ ይህን ሰማች።

እኔን ለብቻዬ ጠራችኝ። «ጋሽ ብሩ፣ በአላህ አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። አውቆ ነው የነዳት?»

ጓደኛዬን አውቀዋለሁ፤ ግን እዚያ አልነበርኩም። «ጠይቄ እነግርሻለሁ» ብዬ ወጣሁ።

ከድጃ ቤት ሄድኩ። «ልጄ፣ ከደሴ ስትነሱ መብራቷ ነበረች?» አልኳት።

«ቁልፉን ሲያዞር ሁሉም በሩ፣ ከዚያ ጠፉ።»

«በመንገድ ላይስ?»

«የለችም። ጭቃው ላይ ሲያንሸራትተን ነው የመጣችው። ብልጭ ድርግም፣ ብልጭ ድርግም... እሱም ‹ያ ረቢ› አለ።»

እዚያው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ደነገጠችና፣ «ምን አጠፋሁ ጋሼ?» አለች። መብራቷ ስትጠቅስ እያገዘች እንደነበር፣ ሰውም ምን እንደሚያወራ ነገርኳት። ሲገባት ፊቷን በደህናው እጇ ሸፈነች። «ስሙን ያጠፋሁት እኔ ነኝ?»

«አይደለሽም። አንቺ ያየሽውን ተናገርሽ፤ የጨመረበት ሌላ ሰው ነው።»

በማግስቱ ወይዘሮ ጽናት ሁለተኛዋን ሚኒባስ አዘዙልን። ከድጃን ይዘን ሆጤ ሄድን፤ ለቀስተኛው እያየ፣ ረሂማን ከመሪው ፊት አስቀመጥናት። ቁልፉን አዞርኩ። በራች፣ ጠፋች፤ በጉዞ ላይ ብትጠቅስ እያገዘች መሆኑን አስረዳሁ። የተቀረውን ከድጃ በአፏ ተናገረች። እየተንሸራተቱ ጭምር እጁ ከመሪው እንዳልተነቀለ፣ እነሱን ከገደሉ አርቆ ግንቡን በራሱ በኩል እንደተቀበለ ተናገረች። አንድ ሽማግሌ፣ «አፉ በለን መሕሙድ፣ ይቅር በለን» ሲሉ ሰማሁ።

ረሂማ ዓይኗን ከመብራቷ ቦታ ሳትነቅል፣ «እንግዲያ መኪናዋ እያገዘችው ነበር?» አለችኝ።

«አዎ።»

«ታዲያ ለምን አልበቃም?»

ክቡራትና ክቡራን፣ ዕድሜዬን ሙሉ ስለ መኪና ተጠይቄያለሁ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ግን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። «መኪናዋ የምትይዘው ጎማውን ነው፣ መንገዱን አይደለም፤ ጎማው የሚቆነጥጠው መሬት ካጣ እሷም አቅም የላትም» አልኳት። «ደግሞ የበቃላቸው አሉ፤ ይቺት ከድጃ ቆማለች» አልኳት።

የከድጃን የታሰረ ክንድ አየችው። ወርዳ አቀፈቻት፣ ግንባሯን ሳመቻት። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ «አልሐምዱሊላህ። ለእኔ ግን አልበቃም፣ ጋሽ ብሩ» አለች።

ለእኔም አልበቃም። ስሙ ጠርቷል፤ ሰውየው ግን የለም። ጠዋት ጠዋት ሰርቪስ በበሩ ሲገባ እስካሁን ቀና እላለሁ። መሪው ላይ ሌላ ሰው አይቼ አንገቴን እደፋለሁ። ጡረታዬ ባይደርስ እንኳ ከዚህ በላይ የምችለው አይመስለኝም። ኩታበር እገባለሁ፤ የወንድሜ መሬት ላይ ድንች እኮተኩታለሁ። እዚያ በር ላይ የሚጠበቅ ሰርቪስ የለም።

አንድ አደራ አለኝ። ስለ ሞተ ሰው ስትሰሙ፣ ከማውራታችሁ በፊት ጠይቁ። ሙት መልስ አይሰጥም፤ ሚስቱ ግን ትሰማለች።

በሉ እንግዲህ እጃችሁን ዘርጉ፤ አሜን የምትሉም አሚን የምትሉም። ልጆቻችሁን ለወግ ለማዕረግ ያብቃላችሁ። እንጀራችሁ አይጉደል፣ ጤናችሁ አይታወክ። ክረምቱን የምሕረት ያድርገው፣ ሐረጎን ደረቅ አድርጎ ያሳልፋችሁ። በየቤታችሁ ደጅ ላይ ቆሞ የሚጠብቃችሁን ሰው፣ ፈጣሪ ቆሞ የሚቀር አያድርግባችሁ።