ተተኪ ሳይዙ ማውረድ የለም

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ፓስተር አጵሎስ፣ የዕድራችን ፕሬዚዳንት ጋሽ አብዱልጀባር፣ እናንተም የዚህ አገር ልጆች፣ የጻካኔ ጎረቤቶቻችን፤ በቋንቋችሁ ሳኒቦናኒ፣ ሰላም ለእናንተ፤ አብራችሁን ስለቆማችሁ ክበሩልን።

ሬሳ ወደ አገር ቤት መላክ ልማዳችን ነው። ዛሬ የምንቀብረው ወንድማችን ሽጉጤ ግን እምቢ አለ። ሆስፒታል ተኝቶ፣ «እዚሁ ቅበሩኝ። ውጡ ለሚሉን ሰዎች አንድ የማይወጣ ሰው ይኑረን» አለኝ። ልቡ ደክሞ ነበር። ምላሱ ግን አልደከመም።

ሽጉጤን «ጠቅላይ ሚኒስትር» የምንለው ለቀልድ የሚመስላችሁ እንግዶች ካላችሁ፣ ቀልድ አይደለም። የዕድራችን ደንብ፣ አንቀጽ ስድስት ነው። ታስታውሳላችሁ? ድሮ በየሦስት ወሩ ሊቀመንበር እናወርድ ነበር። ማውረድ ላይ ጎበዞች ነበርን። አንድ እሑድ ሽጉጤ የስሎቬኒያን ሕገ መንግሥት አሳትሞ መጣ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ስለ ስሎቫኪያ ተከራከርን። ከዚያ፣ «እኔ ያልኩት ስሎቬኒያ ነው» አለ፣ በትሕትና። እዚያ አገር ምክር ቤቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩን እምነት ነፍጎ የሚያወርደው፣ በዚያው ድምፅ ሌላ ሰው ከመረጠ ብቻ ነው። ተተኪ ሳይዙ ማውረድ የለም።

«ፕሬዚዳንቱስ?» አሉ ጋሽ አብዱልጀባር።

«ፕሬዚዳንቱ እጅ ይጨብጣል፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ይሰደባል።»

ጋሽ አብዱልጀባር ፕሬዚዳንትነቱን ወዲያው ተቀበሉ።

ባለፈው መጋቢት ያ ወረቀት በየሱቃችን በር ላይ ተለጠፈ። እስከ ዓርብ ዘግታችሁ ከአገራችን ውጡ ይላል። ተሰበሰብን። ሽጉጤ አንዘጋም አለ። መጀመሪያ «ይውረድ!» ብሎ የጮኸው ማን ነበር? እኔ ነኝ። እኔ ሙዘሚል፣ የአሥራ አንድ ዓመት ጓደኛው። ፈርቼ ነበር።

«እሺ ሙዜ፣ ማንን ይዘህ መጣህ?» አለኝ።

ማንንም አልያዝኩም።

«ያቀረብከው ፍርሃትህን ነው። እሱ ደግሞ አባላችን ስላልሆነ መወዳደር አይችልም።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ።

ዓርብ ጠዋት ሱቁን ከፈተ። ማን መጣ? ሊያስወጡት የመጡት መጡ። ከእነሱ ቀድመው ግን እነዚህ የጻካኔ እናቶች፣ የሰፈሩ አያት እነ ጎጎ ታንዲ፣ የለስላሳ ሣጥን ገልብጠው በሩ ላይ ተቀምጠው ነበር። አልተነሡም፤ የመጡትም ተመለሱ። ታዲያ እነሱ ካልተነሡ እኛ ለምን እንነሣለን?

ዛሬ ጠዋት በመኪና ስንመጣ አንዱ፣ «ጠቅላዩ ከሞተ ዕድሩን እንበትነው፣ ሱቁንም እንዝጋ» አለ። ስሙን አልጠራም። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ቆሟል። ወንድሜ፣ ማንን ይዘህ መጣህ?

እኔ ዛሬ ይዤ መጥቻለሁ። ኤርጎጌን። ሚስቱ ስለሆነች አይደለም። እሱ ሆስፒታል በተኛበት ስድስት ሳምንት፣ ሱቁ አንድ ቀን እንኳ ሳይዘጋ የቆየው በማን ነው?

ደንባችን፣ የለቀቀ ጠቅላይ ሚኒስትር ተተኪው እስኪመረጥ ሥራውን ይቀጥላል ይላል። ስለ ሞተ ግን ምንም አይልም። ሽጉጤን ደግሞ አውቀዋለሁ፤ ካልተካነው አያርፍም። አፈሩ ከመመለሱ በፊት እናሳርፈው። ኤርጎጌን የምትደግፉ፣ እጃችሁን!

ሽጉጤ፣ ወንድሜ፣ እጁ ብዙ ነው። ሦስተኛው ረድፍም አውጥቷል፣ ዝቅ አድርጎ። ጎጎ ታንዲ አባል ሳይሆኑ አውጥተዋል። ፕሬዚዳንታችን ሁለቱንም እጃቸውን አውጥተዋል። ደንብ ተጥሷል፤ ተቃውሞ ግን የለም።

ተተክተሃል። ደህና ሁን፣ አሁን ዕረፍ።