የስኳር ኮሶ

የገና ዋዜማ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ደብረ ብርሃን፤ ጡረታ የወጣችው ነርስ ዘርፌ በረንዳዋ ላይ ፀሐይ እየሞቀች ምስር ትለቅማለች፤ ታናሽ ወንድሟ ጓንጉል፣ የሰፈሩ የቅርጫ አለቃና የሉካንዳ ቤቶች ሁሉ ወዳጅ፣ ከፊቷ በርጩማ ላይ ተቀምጦ የስኳር ኪኒኗን ይለምናታል።

ጓንጉል፦ ስድስት ፍሬ ብቻ ነው ያልኩሽ፣ እትዬ። ስድስት ኪኒን ብትሰጪኝ ቤትሽ አይፈርስም።

ዘርፌ፦ ስኳሩን ከአንድ አባት ወርሰናል፤ ኪኒኑ ግን የየራሳችን ነው። ያንተ የት ሄደ?

ጓንጉል፦ አለቀ።

ዘርፌ፦ በጥቅምት መጨረሻ የሦስት ወር ሰጥተውሃል። ያን ሁሉ ኪኒን ዶሮ ብትቀልብበት እንኳ እስካሁን አያልቅም።

ጓንጉል፦ በቅበላው ሳምንት አለቀ አልኩሽ እኮ። ጾም ሊገባ ሲል ሥጋው በዛ፤ ሥጋው ሲበዛ ኪኒኑም በዛ።

ዘርፌ፦ ቆይ። ሥጋውንና ኪኒኑን ምን አገናኛቸው?

ጓንጉል፦ ሠላሳ ዓመት ነርስ ነበርኩ ትያለሽ፣ ይኼን አጣሽው? ሰው ጥሬ ሥጋ ይበላል፤ ከበላ በኋላ ማወራረጃ ይወስዳል። አባቶቻችን ቁርጡን ሲበሉ ከርመው በሁለት ወር አንዴ ኮሷቸውን ግጥም አድርገው ሆዳቸውን ይጠርጉ አልነበር? የኛ ዘመን ኮሶ ደግሞ ኪኒን ነው። ያውም አይመርም።

ዘርፌ፦ ኮሶ የሚያወጣው ትል ነው።

ጓንጉል፦ ኪኒኑ ደግሞ ስኳሩን ያወጣዋል።

ዘርፌ፦ ስኳር ትል መሰለህ፣ ጭራውን ይዘህ የምትጎትተው? ወንድምሽ ሞኝ ነው ካሉኝ ሰዎች ጋር ስንቴ ተጣልቻለሁ። ነገ ለእንኳን አደረሳችሁ ስሄድ ይቅርታ እጠይቃቸዋለሁ።

ጓንጉል፦ ስደቢኝ፣ ስድብ አይከብደኝም። ስጪኝና ስደቢኝ።

ዘርፌ፦ ሐኪሙ ጠዋትና ማታ አንዳንድ አላለህም?

ጓንጉል፦ ጠዋትና ማታ ኮሶ የሚጠጣ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? ሐኪሙማ የትናንት ልጅ ነው፤ እሱ ራሱ ጉንጩ ገብቷል። ጮማ ተው አለኝ፣ አረቄ ተው አለኝ፣ ጨው ቀንስ አለኝ። ታዲያ ምን ልያዝ ስለው ኪኒኑን ያዝ አለኝ። ያዝኩ።

ዘርፌ፦ በጾሙስ? አርባ ሦስት ቀን ሙሉ አንድም ፍሬ አልዋጥክም?

ጓንጉል፦ ምን ላወራርድበት? ሥጋ የለ፣ ቅቤ የለ። ደሜ እንደ ምንጭ ውኃ ጠርቷል።

ዘርፌ፦ ጾምህን ሚስትህ ነግራኛለች። እስከ ስድስት ሰዓት ትቆይና ዘይት ያንጠፈጠፈ ቦምቦሊኖ አራት፣ ከሁለት ለስላሳ ጋር። ማታ አረቄ። የጾምከውን እግዜር ያውቃል፤ የበላኸውን ደግሞ ስኳርህ ያውቃል።

ጓንጉል፦ ብርዱንስ? የደብረ ብርሃን ብርድ ያለ አረቄ ይቻላል?

ዘርፌ፦ እኔም የምኖረው እዚሁ ብርድ ውስጥ ነው።

ጓንጉል፦ አንቺማ በምን ይበርድሻል። ጎህ ሲቀድ ተነስተሽ በግ እንደጠፋባት ባልቴት ከተማውን ስትዞሪ ይረፍድብሻል። ሰው ይስቅብሻል እኮ፣ እትዬ። መኪና ያለው ወንድም እያላት በእግሯ ትኳትናለች ይላሉ። ከዚያ ቤትሽ ገብተሽ ቅቤ ያልነካው ገንፎ ትውጫለሽ። እሱ ምግብ ነው? ግድግዳ የሚመረግበት ጭቃ ነው።

ዘርፌ፦ በዚያ ጭቃ ስኳሬን ይዤ አሥራ ስድስት ዓመት ቆሜያለሁ።

ጓንጉል፦ መቆም ኑሮ ነው? የስልክ እንጨትም ቆሟል።

ዘርፌ፦ ያንተ መኪናስ? ከቤትህ ሉካንዳው ድረስ መቶ እርምጃ አይሞላም፤ ሞተር አስነስተህ ትሄዳለህ። ቦርጭህ ከመሪው ጋር ሲታገል አይቼ ፊቴን አዙሬያለሁ።

ጓንጉል፦ ይኼን ቦርጭ አይተው ነው የቅርጫ አለቃ ያደረጉኝ። ከሲታ ሰው ሥጋ ሲከፍል ማን ያምነዋል? ነገ በጠዋት ሰንጋው ይወድቃል፣ ስምንት መደብ እናወጣለን፣ ሻኛው ደግሞ የኛ የከፋፋዮቹ ነው። ስድስት ሰው ይጠብቀኛል፤ ቃል ገብቻለሁ።

ዘርፌ፦ የምን ቃል?

ጓንጉል፦ የኪኒኑን ነዋ። ሻኛው ሲያልቅ ሁላቸውም አንዳንድ ፍሬ ይውጣሉ። የጓንጉል ማወራረጃ ብለውታል፣ ስም ወጥቶለታል።

ዘርፌ፦ ከስድስቱ ስኳር ያለበት ስንቱ ነው?

ጓንጉል፦ አንድም የለ። ስኳር ያለብኝ እኔ ነኝ፣ እኔ እንኳ ነገ ለነሱ ብዬ እቀራለሁ። እነሱን እንዳይዛቸው ነው። መከላከያ።

ዘርፌ፦ የቅርጫ ጓደኛህ አሥር አለቃ ውብነህ በቅበላው ላብ አጥምቆት የተዘረረው ለዚህ ነው?

ጓንጉል፦ እሱ ስቡ ሲቀልጥለት ነው። ስብ ሲቀልጥ ያልባል፣ የታወቀ ነው። ደግሞ አንድ ውሰድ ቢባል ሦስት ውጦ አረቄ ደረበበት። ሆዳም ነው።

ዘርፌ፦ ሚስቱ ዛር ያዘው ብላ እያለቀሰች ጠራችኝ። መዋጥ ሳያቅተው ደርሼ ስኳር በጥብጬ ባላጠጣው ኖሮ ለቀብሩ ድንኳን የምትተክል አንተ ነበርክ። ጤነኛ ሰው ምን ስኳሩን እንዲህ አወረደው እያልኩ ስንት ቀን ግራ ገብቶኝ ነበር። ለካ ወንድሜ ነው።

ጓንጉል፦ ተነስቶ የለ? ማታውኑ ጎድን ግጧል።

ዘርፌ፦ ስማ ጓንጉል። ስትሰክር አይቼሃለሁ፣ ስትዋሽ አይቼሃለሁ፣ እንደዛሬ ግን ንቄህ አላውቅም። ለራስህ ሆድ ብትሞት ሆዳም ነበር ብዬ አለቅስልህ ነበር። የሰው ባል በመርዝ እያወራረድክ አለቃ ነኝ ትለኛለህ። ካልጠገቡ አይዘሉ፣ ካልዘለሉ አይሰበሩ የሚሉት እንዳንተ ያለውን ነው።

ጓንጉል፦ ተረቱን ተይልኝ። የሰው ቀኑ ተጽፏል፤ ጎመን በመብላት አይሰረዝም። አባባ ጎመን ሲበላ አይተሽው ታውቂያለሽ? ጮማውን እየቆረጠ፣ ጠጁን እየደገመ እንደ ጌታ ኖረ።

ዘርፌ፦ በስንት ዓመቱ ሞተ?

ጓንጉል፦ በሃምሳ አራት።

ዘርፌ፦ አንተስ ስንት ነህ?

ጓንጉል፦ የኔን ዕድሜ ምን አመጣው?

ዘርፌ፦ መጋቢት ላይ ሃምሳ አራት ይሞላሃል። አባባን ስንቀብር ሙሉ ሰው አልቀበርንም፤ አንድ እግሩ በሁለት ዓመት ቀድሞት ነበር። እግሩ በስኳር ሲቆረጥ ደጅ ቆሜ የጠበቅሁት እኔ ነኝ፣ አንተ ትምህርት ቤት ነበርክ።

ጓንጉል፦ በበዓል ዋዜማ ሬሳ አታንሺብኝ።

ዘርፌ፦ የቀኝ ጫማህን ለምንድን ነው ተረከዙን ረግጠህ ያደረግከው?

ጓንጉል፦ ጠበበኝ።

ዘርፌ፦ ግራው አልጠበበህም?

ጓንጉል፦ ሚስማር ነው እቴ። ባለፈው ሳምንት ለሰንጋው ጉረኖ ስንጠግን ገብቶብኝ ነው። የሚገርምሽ፣ ቀኑን ሙሉ በላዩ ስሄድ ውዬ ማታ ካልሲዬን ሳወልቅ ደም አይቼ ነው ያወቅኩት። ሌላ ሰው ቢሆን ጮኾ ሰፈሩን ይሰበስብ ነበር። በሥጋ ያደገ እግር እንዲህ ነው፤ በጎመን ያደገውን ደግሞ እናያለን።

ዘርፌ፦ አላመመህም?

ጓንጉል፦ ቅንጣት ታህል አላመመኝም።

ዘርፌ፦ አሁንስ?

ጓንጉል፦ አሁንም። ጣቴ ትንሽ ጠቆር ብላለች፣ ትንሽ ትሸታለች። ሚስቴ አረቄ አፍስሳበታለች፣ ይበቃዋል። ኪኒኑስ?

ዘርፌ፦ እሰጥሃለሁ።

ጓንጉል፦ እንዲህ ነው እንጂ እህት።

ዘርፌ፦ ጫማህን አውልቅና እግርህን ጭኔ ላይ አድርግ። ዓይንህን ጨፍን። በዚህች የመጥረጊያ ስንጥር እነካካሃለሁ፤ በነካሁህ ቁጥር ነካሽኝ ትላለህ። ከጣቶችህ አንዷን እንኳ ካወቅህ ስድስቱንም ፍሬ ይዘህ ትሄዳለህ።

ጓንጉል፦ ጡረታ ሲወጡ እንዲህ ያጫውታል? እሺ፣ ጨፈንኩ።

ዘርፌ፦ አጮልቀህ አትሰርቅም?

ጓንጉል፦ አልሰርቅም አልኩሽ። ነካሽኝ። ጉልበቴን ነው። አየሽ? የዝንብ እርምጃ አያመልጠኝም።

ዘርፌ፦ ጎበዝ። አሁን ወደ እግርህ ወርጃለሁ።

ጓንጉል፦ ውረጂ። ነገ መደብሽን አስቀርልሻለሁ፤ ቀይ ሥጋ ብቻ፣ ስብ ያልነካው፣ የበሽተኛ። ቀቅለሽ ብይው፣ ወይ በማንኪያ ለክተሽ፣ እንዳሻሽ። እኛ ሻኛውን እንደ ወረቀት ስስ አድርገን እየቆረጥን፣ ሚጥሚጣ ነካ፣ አዋዜ ነካ እናደርጋለን።

ዘርፌ፦ ቀጥል።

ጓንጉል፦ ምኑን ልቀጥል፣ አፌን ውኃ ሞላው። ያ የትናንት ልጅ ሐኪም ነገ ቢያልፍ እጠራውና አንድ ጉርሻ አጎርሰዋለሁ፤ ከዚያ ጮማ ተው ይበለኝ። እሱም የሚያወራው ስላልቀመሰው ነው። አንቺም እንደሱ ነሽ፣ አትቀየሚኝ። ፈሪዎች ናችሁ። እህል ፈርታችሁ፣ ጨው ፈርታችሁ፣ ቅቤ ፈርታችሁ። ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? ጀምሪያ።

ዘርፌ፦ ጨርሻለሁ።

ጓንጉል፦ ምኑን?

ዘርፌ፦ አምስቱንም ጣት ሁለት ሁለቴ ነካሁ። ውስጥ እግርህንም፣ ተረከዝህንም። ስንጥሯን ከጣልኳት ቆየሁ።

ጓንጉል፦ ውሸትሽን ነው። እጅሽ መቼ ደረሰ?

ዘርፌ፦ አውራ ጣትህን በሁለት ጥፍሬ ቆንጥጬ ይዤዋለሁ። ስለ ሻኛው ማውራት ከጀመርክ ጀምሮ አለቀቅሁትም። ዓይንህን ግለጥ።

ጓንጉል፦ እትዬ።

ዘርፌ፦ ወዬ።

ጓንጉል፦ ሐኪም ቤቱ በበዓል ዋዜማ ይሠራል?