የግራዝማች ግብዣ እና የኔ አውራ ፍየል

“ያንን! ጥቁሩን! ቃጭል ያሰረውን!” ይላሉ ግራዝማች ጣታቸውን ወደ ገደሉ ቀስረው፤ በኛ ጊዜ ታዲያ ጌታ ጣቱን ከቀሰረ ፍየሉ ያንተ መሆኑ ቀረ፣ ሰማችሁ? እሳቸው የመሬቱ ጌታ፣ እኔ ጭሰኛቸው፣ እና ከአዲስ አበባ እንግዳ መጥቶባቸዋል፣ ትልቅ ሰው፣ ቡታጅራ ድረስ በመኪና ከዚያ ወዲህ በበቅሎ የመጣ፣ እና የሱ ሆድ ከኔ አውራ ፍየል በቀር ሌላ አይቀበልም ተባለ።

“ጌቶች፣ ሌላ ይምረጡ” አልኩ። “ፍየሎቼን የምጠብቅ እኔ አይደለሁም፣ እሱ ነው። ጠዋት ዘቢዳር ተራራ ላይ ይዟቸው ይወጣል፣ ማታ ጨው ሲያምረው ይዟቸው ይወርዳል። እሱ ከሌለ መንጋው እዚያው ለነብር ይቀራል።”

“አንተ ሸምሱ፣ ታዲያ ያንተ ሥራ ምንድን ነው?”

ምን ልበል? “እሺ፣ እስኪወርድ ይቀመጡ” ብላቸው፣

“እኔ? ፍየል ደጅ ልጥና?” አሉ።

ታዲያ ምንሽር ጠመንጃቸውን አነሱ። “አስደንግጬ ላውርደው ነው” አሉ ለእንግዳቸው፣ እና አስደነገጡት፣ ጭኑን መትተው አስደነገጡት። ተንከባሎ ከገደሉ ወገብ ላይ፣ አንድ ድንጋይ ጫፍ ላይ ተጋደመ። እንግዳው “ግሩም ተኩስ!” ብሎ አጨበጨበ። ግሩም ነው እንጂ! ምነው አይደለም?

“ውጡና አምጡት!” አሉ አሽከሮቻቸውን። አንዱ ወገቡን አመመው፣ አንዱ ጫማው አዲስ ነው። እና እኔ ወጣሁ፤ ያ የፍየል መንገድ ነው፣ ሰው ከወጣበት እኔ ነኝ። ስደርስ አየኝ፣ ያቃስታል።

ግራዝማች ከታች ይጮኻሉ፣ “ሸምሱ! አለ?”

“አለ ጌቶች፣ ነፍሱ ልትወጣ ነው!”

“ምን ቆመህ ታያለህ፣ እረደው! ቶሎ እረደው፣ በክት ሳይሆንብን!”

የታዘዘ ሰው ምን ያደርጋል፣ እናንተዬ? ፊቱን ወደ ቂብላ አዞርኩና ቢላዬን መዘዝኩ፣ እና “ቢስሚላሂ፣ አላሁ አክበር!” አልኩ፤ አባቴ ሌላ አላስተማረኝም። ሌላ ጊዜ በቀስታ ነበር የምለው፣ ያን ቀን ግን ጌቶች መታዘዜን ይስሙ ብዬ ጮክ አልኩ፤ ገደሉም ተቀብሎ ደገመልኝ።

ከታች እንግዳው አማተበ። “ግራዝማች፣ የእስላም ሥጋ ሊያበሉኝ ኖሯል?”

“አንተ! ምን አደረግህ?”

“እረደው አሉ፣ አረድኩ። በስመ አብ ብዬ ላርድልዎ ነበር?”

እንግዳው ያን ቀን ሽሮ በላ አሉ፣ እኔ ቤት ደግሞ ልጆቼ ሥጋ ጠገቡ፣ ለኔ ግን አልወረደልኝም፤ ጨው ይዤ ሽቅብ ብጣራ ብጣራ መንጋው ማንን ተከትሎ ይውረድ?

ታዲያ ግራዝማች፣ ያኔ ከገደሉ በታች ስንለያይ፣ እንግዳው ቀደም እስኪል ጠበቁና ከበቅሏቸው ላይ ጎንበስ ብለው፣ “ሥጋው ይሁንልህ” አሉኝ፤ “ቆዳውን ግን ዛሬውኑ ላክልኝ፤ ቆዳ ሃይማኖት የለውም።”