ለጅግራዋ ያልተነገራት መመሪያ

(በአንድ ቆላማ ቀበሌ፣ ረፋድ ላይ፤ ወይዘሮ ይርገዱ ጅግራ ከሚያረቡበት የሽቦ አጥር በር አጠገብ። ሁለት ዶሮዎች የጅግራ እንቁላል ታቅፈው ዳሱ ሥር ተኝተዋል። የወረዳው የእንስሳት ባለሙያ ሙሉሰው አንድ ካርቶን የዶሮ ጫጩት ይዞ ወደ ዶሮዎቹ ጎንበስ ብሏል።)

ይርገዱ፦ እጅህን ከዶሮዋ ላይ አንሳ! ታቅፋለች እያልኩህ!

ሙሉሰው፦ እትዬ ይርገዱ፣ ለአንድ ሰዓት ብቻ እኮ ነው። እንቁላሉን ጓዳ እናስቀምጥና እነዚህን ጫጩቶች ሥሯ እንከታለን። ሪፖርቱን አይተው ዛሬ ሊጎበኙ የሚመጡት እንግዶች አይተው፣ ፎቶ ተነሥተው ሲሄዱ እንመልሰዋለን።

ይርገዱ፦ ለአንድ ሰዓት ከቀዘቀዘ ምኑን ትመልሰዋለህ?

ሙሉሰው፦ ዛሬ እኮ ሃያ አንድ ቀናቸው ነው! መመሪያው በሃያ አንድ ቀን ይፈለፈላል ይላል። ሪፖርቱም በዚያው መሠረት ሄዷል።

ይርገዱ፦ ምን ብሎ ሄደ?

ሙሉሰው፦ «ስልሳ የጅግራ ጫጩቶች ተፈልፍለው በመልካም ጤንነት ላይ ይገኛሉ።»

ይርገዱ፦ ስልሳ? ያለኝ ሠላሳ ሁለት እንቁላል! የቀረውን ማን ታቀፈው፣ አንተ?

ሙሉሰው፦ ዕቅዱ ስልሳ ነበራ። ከዕቅድ በታች መፈልፈል ያስገመግማል።

ይርገዱ፦ ስማ፣ ያ መመሪያ የዶሮ ነው። ጅግራ ሃያ ስምንት ቀን ነው የምትፈልገው።

ሙሉሰው፦ ሽፋኑ ላይ «የዶሮ» የሚለውን ሰርዘን «የጅግራ» ብለንበታል።

ይርገዱ፦ ለጅግራዋስ ነገራችኋት?

ሙሉሰው፦ አይቀልዱብኝ። ይሄ ከተበላሸ በረሃ ያለው ኬላ ነው የሚወረውሩኝ። ባለቤቴ ደግሞ እርጉዝ ናት።

ይርገዱ፦ እሰይ! ስንት ወሯ ነው?

ሙሉሰው፦ ሰባት።

ይርገዱ፦ ታዲያ እንግዳ መጣ ብለህ ዛሬ ውለጂ ትላታለህ?

ሙሉሰው፦ እሱ ሌላ ነው፣ እትዬ።

ይርገዱ፦ ሌላ አይደለም! አምና «ለምን ዘገየ» ብለህ አንዱን እንቁላል ሰብረህ አሳየኸኝ። ላባ አውጥቶ ነበር፤ መዳፍህ ላይ ሲንፈራገጥ አይቻለሁ። ዶሮዋም በርግጋ ተነሣች፣ አንድ እንኳ አልተረፈልኝም። እህል አልበላልህ ብሎኝ ሰነበተ። እነዚህ አጥር ውስጥ ያሉት ጅግሮች እንዴት እንደተገኙ ረሳኸው? ለእርሻ ብለው ቁጥቋጦውን ሲያቃጥሉ እሳቱ ውስጥ ገብቼ እንቁላላቸውን በነጠላዬ ያወጣሁ እኔ ነኝ። ዛሬ በዚህ ቆላ የእኔን ያህል ጅግራ ያለው ማን አለ?

ሙሉሰው፦ እሱንም ሪፖርቱ ላይ አስገብቼዋለሁ፤ «በጽሕፈት ቤቱ ጥረት» ብዬ።

ይርገዱ፦ ጎሽ! ደግሞስ እነዚህ የያዝካቸው ቢጫ ናቸው። የጅግራ ጫጩት ራሱ ላይ ጥቁር መስመር አለው።

ሙሉሰው፦ መስመሩን በማርከር አስምሬላቸዋለሁ። ይኸው፣ ይመልከቱ።

ይርገዱ፦ ወይ ጉድ! ይህን ለመሥራት ነው ዩኒቨርሲቲ የገባኸው?

ሙሉሰው፦ እሺ፣ ዶሮዋን ተውኳት። ጅግሮቹ መሀል እለቃቸዋለሁ። ሣር ውስጥ ማን ይለያቸዋል?

ይርገዱ፦ አትግባ! የማያውቁት ሰው ሲያዩ ይደነብራሉ። ኧረ በሩን! በሩን ዝጋው!

ሙሉሰው፦ በምን እጄ? ካርቶን ይዤ! ኧረ እትዬ! ምን ዓይነት ጩኸት ነው! ዓይኔን ሊያወጡኝ ነው!

ይርገዱ፦ ወጡልህ።

ሙሉሰው፦ ስንቱ?

ይርገዱ፦ አሥራ አንዱም። ያውልህ፣ ግራሩ ጫፍ ላይ።

ሙሉሰው፦ ይበራሉ እንዴ? መመሪያው ላይ እኮ...

ይርገዱ፦ የዶሮው መመሪያ ላይ?

ሙሉሰው፦ ወየው! አቧራው ይታየኛል፣ መኪኖቹ ወንዙን ተሻግረዋል። ባዶ አጥር ላስጎበኛቸው ነው? በእናትዎ፣ አንድ ነገር ያድርጉ!

ይርገዱ፦ የበቆሎ ቆርቆሮዬን ሳንኳኳ አንድ ሳይቀር ይወርዳሉ። ከጫጩትነታቸው ጀምሮ የለመዱት ድምፅ ነው።

ሙሉሰው፦ ታዲያ ምን ይጠብቃሉ? ያንኳኩ እንጂ!

ይርገዱ፦ መጀመሪያ ካርቶንህን መኪናህ ውስጥ መልስ። ዶሮዎቼ አጠገብ እስከ ሃያ ስምንተኛው ቀን ማንም አይደርስም። ከዚያ እንግዶቹ ሲደርሱ፣ ለንግግር ያመጣኸውን ድምፅ ማጉያ ይዘህ እውነቱን አንተው ትናገራለህ።

ሙሉሰው፦ ያባርሩኛል እኮ!

ይርገዱ፦ እንግዲህ ምርጫው ያንተ ነው። እኔ እንደሆነ ጅግሮቼ ሲመሽ ለጥሬያቸው ራሳቸው ይመጣሉ።

ሙሉሰው፦ እሺ... እሺ! እንዲህ እላለሁ፦ «ክቡራን እንግዶቻችን፣ የጅግራ እንቁላል የሚፈለፈለው በሃያ ስምንት ቀን ነው። ጽሕፈት ቤታችን በሪፖርቱ ላይ ትንሽ... ተቻኩሏል።»

ይርገዱ፦ «ዋሽቻለሁ» በል። ግራሩ ላይ ላሉትም እንዲሰማ አድርገህ።